በኬኩ ዙሪያ፣ ወደ ኋላ

የታሪክ አጻጻፍ ዘዴ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» የሚል ነበር። ስለ አንድ የሠርግ ኬክ ልጽፍ ስነሣ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ ማቅረብ ይገባኛል። ካሉኝ ምንጮች አንዱ የልጅ ልጄ በስልኳ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ኬኩን በደንብ ያሳያሉ፤ እኔን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክርኔ በታች ነው የሚያሳዩኝ። ሌላው ምንጭ የልጄ ቃል ነው። ልጄ የምትተዳደረው ኬክ በመሥራት ስለሆነ የክሬሙን ነገር በተመለከተ ሙሉ በሙሉ አምናታለሁ። ሰው ምን እንደተናገረ ስታወራ ግን፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ የተባለውን ትታ ሊባል ይገባ የነበረውን ታስታውሳለች። የሠርጉ ቪዲዮም አለ፤ የቀረው የእኔ ትዝታ ነው፤ ከሁሉም ደካማው እርሱ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል፤ ከዚህም በላይ በዚያ ቀን አፍሬ ነበር። ያፈረ ሰው ደግሞ አንገቱን ስለሚደፋ ከፊቱ የሆነውን በትክክል አያይም።

ያፈርሁበትን ምክንያት እዚሁ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ አለዚያ አንባቢዬ ኬኩን ብቻ ያያል። የተወለድሁት በጋሞ ደጋ ከጨንቻ በላይ ባለ መንደር፣ ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው። በእኛ ደጋ ሸክላ ሠሪ መሆን መተዳደሪያ ብቻ አልነበረም፤ የዘር ነገር ነበር። ሸክላ ሠሪ የእኔ የሚለው መሬት የለውም፤ ከባለ መሬት ቤት ሲሄድ ከደጅ ይቀመጣል፤ ልጁ ከሸክላ ሠሪ ልጅ በቀር አያገባም፤ እጁ የነካውን ምግብ ሌላው አይበላለትም። ሕጉ ይህን ከሻረው ቆይቷል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በየሰንበቱ ባይሆን እንኳ አልፎ አልፎ ትገሥጸዋለች፤ ወጣቶቹም «ያ ድሮ ቀረ» ይላሉ። እኔም በክፍል ውስጥ ይህንኑ ጉዳይ «ነበር» በሚል ግሥ አስተምሬዋለሁ። የዓረፍተ ነገሬ ባለቤትም ሁልጊዜ «እነርሱ» ነበር።

ከመንደሩ የወጣሁት ገና በልጅነቴ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለትምህርት ወደ ቆላ ባወረደኝ ጊዜ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ማንም ዘሬን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ከሚስቴ በቀር፣ እርሷም ከሞተች ቆይታለች፣ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። የልጅ ልጄን ለማጨት የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች በመጡ ጊዜ «ዶክተር፣ ከወዴት ናችሁ?» አሉኝ። «ከጨንቻ በላይ ነን» አልሁ። እውነት ነው። ጥያቄው ግን የቦታ ጥያቄ አልነበረም፤ እነርሱም እኔም ይህን እናውቅ ነበር። ከዶክተር ቤት ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር መስሏቸው ይሁን ወይም በቂ መልስ ሆኖላቸው፣ ሻያቸውን ጠጥተው መርቀው ሄዱ።

የሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ላይ ልጄ የስኳር ሽሮፕ ስታፈላ ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰባት። ከሰፈራችን ከሲቀላ ፋርማሲ ቅባት ገዝቼ ስመለስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከኬኩ ፊት ቆማ አገኘኋት። ከእርሷ ጋር የምትሠራው ሴት ለቅሶ ሄዳለች። ሙሽራዋ ፀጉር ቤት ነበረች። ኬኩ ባለ ሦስት ድርብ ሲሆን ፍርፋሪው እንዳይበተን የሚይዘውን ስስ ልባስ ከሌሊት ጀምራ አልብሳዋለች። የቀረው ዋናው ክሬም ነው።

«አባዬ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም አይደል?» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለክሬም።»

«እኔ? ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ጠፋ። ሽርጡ እዚያ ነው።»

ሽርጡ ላይ የእንጆሪ ሥዕል ነበረበት። ጎረቤት እንዳያየኝ መጋረጃውን ልስብ ስል «ተወው፣ አየር ይግባ፤ ክሬሙ ይቀልጣል» ብላ ከለከለችኝ። በጥር ወር የሲቀላ ሙቀት ከማለዳ ይጀምራል። ክሬሙ ከገበታ ቅቤና ከደቀቀ ስኳር ተመትቶ እንደ ጥጥ ነጥቶ ነበር፤ ሳህኑን በረዶ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንደ ልጄ አባባል ከበረዶው ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ካልተለጠፈ ይንሸራተታል፣ በጣም ከቀዘቀዘም ይሰነጠቃል።

የሚፈለገውን መልክ ሙሽራዋ ቀደም ብላ በስልኳ አሳይታን ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው ኬክ ጎኑ ሁሉ ወጣ ገባ ነው፤ በእጅ ተመርጎ ሳይቀባ የቀረ የገጠር ቤት ግድግዳ ይመስላል። ያን ጊዜ የተለዋወጥነውን ልጄም እኔም በአንድ ዓይነት ቃል ስለምናስታውሰው ልጽፈው እደፍራለሁ።

«ይሄማ አላለቀም» አልኋት።

«አባባ! ያለቀው ይሄ ነው። አሁን ሻካራው ነው የሚያምረው። ገጠርኛ ነው የሚባለው።»

«እኛ ከገጠር ለመውጣት ነበር የተማርነው።»

«እኛ ደግሞ በኬክ እንመለሳለን።»

ሥራውን በፍርሃት ጀመርሁ። ልጄ በግራ እጇ እያመለከተች ታዝዘኛለች፤ እኔ ክሬሙን በስፓቱላ፣ ማለት በሰፊው የክሬም መለጠፊያ፣ እያነሣሁ ከታችኛው ድርብ ጀምሬ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ እየሳብሁ እርከን አወጣበታለሁ። «አትጫነው፣ አባዬ፤ ዳሰስ ብቻ አድርገው።» የታችኛው ድርብ ሲያልቅ፣ ይህን መደበቅ አይገባኝም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የእንጆሪውን ሽርጥ ረስቼዋለሁ።

የሙሽራው ሴት አያት የመጡት ያን ጊዜ ነው። ለሠርጉ ከደጋው ከገረሴ ወርደው በከተማው ላይኛ ሰፈር፣ ሴቻ፣ በልጃቸው ቤት አርፈው ነበር። ባጃጁ ከበር ላይ አወረዳቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። በደጋው ልማድ ሙሽራ የምትመረቀው ራሷ ላይ በሚደረግ ቅቤ ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

«ሙሽሪት የታለች?»

«ፀጉር ቤት ናት፣ እማማ። አሁን ትመጣለች፤ ይቀመጡ» አለች ልጄ።

«ፀጉር እየተሠራች? እና እኔ ይሄን ቅቤ የት ላድርገው?»

«ትንሽ ግንባሯ ላይ ያደርጉላታል።»

«ግንባር ላይ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኬኩን አዩት። «ይሄ ነጩስ ምንድን ነው?»

«እሱም ቅቤ ነው፣ እማማ። ቅቤና ስኳር።»

«ይሄ ሁሉ ቅቤ? ለስንት ሙሽራ ራስ ነው?»

«ይበላል እንጂ።»

«ትበሉታላችሁ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አይደለህ ዶክተሩ? ዶክተርም ቅቤ ይቀባል አሁን?»

«ልጄ እጇን ተቃጥላ ነው፣ እማማ።»

«ቀባ፣ ቀባ። እኔ ምንም አላየሁም» አሉና ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጄ ቅቤውን ተቀብላ ከኮባው አውጥታ በሳህን አደረገችው፤ ኮባውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተወችው።

ሁለተኛውን ድርብ ስጨርስ ማዞሪያው ቆመ። ማዞሪያ የምለው ኬክ የሚቀመጥበትን፣ በእጅ ሲገፋ የሚሽከረከረውን ክብ መደብ ነው። ስኳር ገብቶበት ይሁን ክብደቱ በዝቶበት አልንቀሳቀስ አለ። በኃይል ስገፋው ኬኩ ሁሉ ዘንበል አለ፤ ልጄ «እንዳታዞረው! ይወድቃል!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንተ ዙር።»

ጠረጴዛውን ከግድግዳው አራቅነው፤ እኔም መዞር ጀመርሁ። በመጀመሪያ ወደ ፊት ነበር የምሄደው። ማንኪያው ግን ሲገፋ ክሬሙን ይቆልለዋል፤ የሚያምረው ሲሳብ ነው። ለመሳብ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጎንበስ ብዬ፣ ግራ እጄን በኬኩ አናት አካባቢ አድርጌ፣ እግሬን ከእግሬ ኋላ እያስቀመጥሁ ወደ ኋላ ዞርሁ። የሦስተኛው ድርብ ጎን እንዲህ አለቀ።

የላይኛው ጫፍ ብቻ አስቸገረ። ሙቀቱ ስላሸነፈው በስፓቱላ ስነካው እየተቆረሰ ይወድቃል። ልጄ «ጫፉ እንዳይፈርስ ብቻ፤ ሌላው ምንም አይደል» ትላለች። ያን ጊዜ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ከኮባው ላይ በርዝመቱ ቀጭን ቁራጭ ቀደድሁ፤ ውኃ ውስጥ ነክሬ አራገፍሁት፤ ጫፉ ላይ አጥፌ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አድርጌ፣ ሳላቋርጥ ወደ ኋላ እየተራመድሁ ዞርሁ። ደግሜ ዞርሁ። ጫፉ ክብ ሆነ፤ ለሰለሰ፤ ወደ ውጭ ትንሽ ገልበጥ አለ። የእንስራ አፍ ሆነ።

አሮጊቷ ከልጄ ጋር ስለ ገረሴ ብርድ የጀመሩትን ወሬ አቋረጡ። ቀና ስል የሚያዩት ኬኩን አልነበረም። እግሬን ነበር የሚያዩት።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ የማስታውሰውን መጻፍ አለብኝ፤ የማስታውሰውም እጅግ ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ከጎጆ ጀርባ፣ መሬት ላይ በተቀመጠ ትልቅ እንስራ ዙሪያ፣ ወገቧን አጥፋ ወደ ኋላ ስትዞር ይታየኛል። በጣቶቿ መካከል እርጥብ ቅጠል አለ። እንስራው አይዞርም፤ የምትዞረው እርሷ ናት፤ ተረከዟ የረገጠበት መሬት ክብ ጎዳና ሆኗል። ፊቷ አይታየኝም። እናቴ ናት ብዬ ኖሬአለሁ፤ አክስቴም ልትሆን ትችላለች። ሸክላ ሠሪ ሁሉ እንዲህ ይሠራል ማለትም አልደፍርም። በእኛ በኩል እንዲህ ይሠራ እንደነበር ግን አሮጊቷ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ በገረሴ ገበያ ዕድሜ ልካቸውን እንስራ ገዝተዋልና።

አሮጊቷ በጋሞኛ ጠየቁኝ። «እንዲህ ወደ ኋላ መዞር ማን አስተማረህ?»

በአማርኛ መለስሁ። «ማዞሪያው ተበላሽቶ ነው፣ እማማ።»

እርሳቸውም ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አዎ፣ ማዞሪያውማ ተበላሽቷል።»

ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። ያሳፈረኝ መታወቄ ብቻ አልነበረም፤ ጋሞኛውን እንዳልሰማ ሰው መሸሼም ነበር። ከልጅነቴ ቋንቋ በአማርኛ ስሸሽ ምን ያህል ጊዜ ሊሆነኝ እንደሚችል አላውቅም፤ ራሴን እጅ ከፍንጅ ስይዝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያው ቅጽበት ያሰብሁት የልጅ ልጄን ነው። ነገ ሠርግ ነው። እኒህ ሴት ዛሬ ባጃጅ ተሳፍረው ሴቻ ሲደርሱ አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ይሆናል? ወጣቶቹ ይስቁ ይሆናል። የሙሽራው አባት ግን ይስቃል? አጎቶቹስ? ሠርጉ ባይቀር እንኳ ልጅቷ በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የምትቀመጠው የት ነው?

ስፓቱላውን አነሣሁና ያበጀሁትን ጫፍ መደምሰስ ጀመርሁ። በአንድ ወገን እንደ ሲሚንቶ ልስን አለሳለስሁት።

«አባዬ! ምን ሆነሃል?» አለች ልጄ።

«አላማረም።»

«አምሮ ነበር እኮ! ተው፣ አታበላሸው!»

«አላማረም አልኩሽ» ብዬ ጮኽሁባት። አሮጊቷ ጭናቸው ላይ ያለውን የነጠላ ጥለት እየዳሰሱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ከመደምሰስ ያስቆመችኝ ሙሽራዋ ናት። ፀጉሯ በመረብ ታስሮ ገባችና ኬኩን ስታይ ጮኸች። «እንዳትነኩት! ማንም እንዳይነካው!» ስልኳን አውጥታ ከዚህም ከዚያም አነሣችው። አብዛኞቹ ፎቶግራፎች የተነሡት ያን ጊዜ ነው፤ በአንደኛው ላይ ስፓቱላውን እንደያዝሁ እጄ ይታያል። «ከሥዕሉ ይበልጣል! አባባ፣ ይህችን ጫፍ እንዴት አድርገህ ነው? የት ተማርክ?»

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው» አልሁ።

አሮጊቷ ከበሩ በኩል «እሰይ» አሉ። «ለካ ኢንተርኔት ድሮም ነበረ!»

ሙሽራዋ ቀልዱ ባይገባትም ከልቧ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። አሮጊቷ ተነሥተው ልጅቷን «ነይ ወዲህ» አሏት፤ ከሳህኑ ቅቤ ቆንጥረው ወደ አናቷ ሲሰዱ «እማማ፣ ፀጉሬ! ፀጉሬ!» እያለች አጎነበሰች፤ እርሳቸውም በመረቡ ላይ እንዳለ ለጠፉት። በጋሞኛ መረቋት። ከፊሉ ገባኝ። ያልገባኝ ከፊል ረስቼው ይሁን በዚያ ሰዓት መስማት ስላልፈለግሁ፣ መለየት አልችልም። ሲወጡ ከፊቴ ቆም አሉና «ነገ እንገናኛለን፣ ዶክተር» አሉኝ። ዶክተር የምትለዋን ቃል ከሌሎቹ ረዘም አድርገው እንደተናገሩ ይሰማኛል፤ ልጄ ግን «እንደማንኛውም ሰው ነው የጠሩህ» ትላለች።

ሳህኖቹን ሳጥብ ልጄ አጠገቤ መጥታ ቆመች። በአንድ እጇ ማጠብ ስለማትችል ማድረቂያ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር።

«አባዬ፣ እማዬ ነግራኛለች እኮ።»

«ምኑን?»

«የናንተን ቤት። የሸክላውን።»

ውኃውን አልዘጋሁትም። «መቼ?»

«ድሮ። ትምህርት ቤት እያለሁ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«አንተ ልንገርሽ ሳትል እኔ እንዴት ልንገርህ?»

«ልጅሽስ? የሙሽራው ቤተሰቦችስ ያውቃሉ?»

«እኔ ለማንም አልነገርኩም። የጠየቀኝም የለም።» ከዚያ የምትናገረውን መዝና ይመስለኛል፣ «እውነቱን ልንገርህ? ዛሬ ያፈርኩት ስትደመስሰው ነው» አለች።

ይህን ቃል ልጄ አላስታውሰውም ትላለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ በርግጠኝነት የምመሰክርለት እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እንደሰማሁት የሳህኑን ጀርባ ደግሜ ደግሜ ማሸቴ ትዝ ይለኛል። ሚስቴ ስትነግራት እኔ የት ነበርሁ? ምናልባት በዚያው ቤት፣ በሌላው ክፍል፣ ስለ «እነርሱ» የማስተምረውን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ምስጢር የምጠብቅ መስሎኝ ስኖር ከበሩ ላይ ብቻዬን ነበር የቆምሁት።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጠራ ቁጥር የሙሽራው አባት ነው እያልሁ ደነገጥሁ። የደወሉት የወንበር አከራዩና ስለ መኪና ማስጌጫ አበባ የሚጠይቅ ሰው ነበሩ።

ሠርጉ ተፈጸመ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃል ኪዳኑ ሲነበብ «ተቃውሞ ያለው ቢኖር» የሚለው ቦታ ላይ አንገቴን ደፍቼ የአሮጊቷን ነጠላ ብቻ ተመለከትሁ፤ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወደ አዳራሽ ሄድን። ኬኩ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ልጄ ያበላሸሁትን ወገን ወደ ግድግዳው አዙራዋለች። እንግዶች እየመጡ ያዩታል። «ጭቃ ቤት ይመስላል» ያለ ሰው ሰማሁ፤ ማድነቁ ይሁን መንቀፉ አልገባኝም። የኬኩ አፍ ግን፣ ያልተደመሰሰው በኩል፣ ከሩቅ ያበራ ነበር። እንዳላየው ራሴን ከለከልሁ፤ ቆይቼ ደግሞ እመለከተዋለሁ።

ኬኩ ሲቆረስ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ «አሁን ደግሞ አያቶቻችን! የሁለቱም ወገን አያቶች ይጎራረሱልን!» ብሎ ለፈፈ። በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም፤ ከራሱ ያመጣው ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንድ ሰው ሳህን እጄ ውስጥ አስገባ፤ ሌላው ከኋላ ገፋ አደረገኝ፤ ራሴን ከአሮጊቷ ፊት ቆሜ አገኘሁት። በሳህኑ ላይ ከላይኛው ድርብ የተቆረሰ ኬክ አለ፤ የክሬሙ ክብ ጫፍ ሳይፈርስ አብሮት መጥቷል።

ማጉረስ ማለት በእጅ ነው። እኒህ ሴት ትናንት ያዩትን አይተዋል። እጄን ብዘረጋ ወይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አፋቸውን ይዘጋሉ፣ ወይም ስለ ሰው ዓይን ብለው የማይፈልጉትን ይጎርሳሉ። የትኛው እንደሚብስ ስመዝን መድረክ መሪው «ዶክተር፣ አይፍሩ! አያት አይናከስም!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም የማምለጫ በር የከፈትሁላቸው መስሎኝ ጮክ ብዬ «እማማን ስኳር አይስማማቸውም ይሆናል፤ አናስጨንቃቸው» አልሁ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ስኳር የለብኝም» አሉ፤ እርሳቸውም ጮክ ብለው።

ሕዝቡ ይበልጥ ሳቀ። እኔ ግን እጄ አልዘረጋ አለኝ። ሳህኑን እንዳለ በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። የገረሴ አሮጊት ለከበረ ሰው እንደምታደርገው ከወንበራቸው ትንሽ ከፍ ብለው እንደተቀበሉኝ ይመስለኛል፤ ስለ ቪዲዮው በኋላ እናገራለሁ። በጋሞኛ አንድ ነገር አሉኝ። ጭብጨባው ስለበዛ የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፤ እርሷም «እናትህ» ማለት ናት። ከቃሏ በፊት ምን እንዳሉ አላውቅም። ጠይቀው ይሆናል፤ መርቀውም ይሆናል፤ አዝነውም ይሆናል። እኔም «አሜን» አልሁ፤ ለጥያቄ ተናግሬው ከሆነ ሞኝ መልስ ነው።

ያን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺው ለቤተሰብ ሥዕል ጠራኝ። ስመለስ አሮጊቷ ከሴት ዘመዶቻቸው ጋር ወሬ ይዘዋል፤ ሳህኑ ከእግራቸው አጠገብ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት መሐረብ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መሐረቡን አንሥቶ ማየት ይቻል ነበር። አላነሣሁትም። ሠርጉን የቀረጸውን ቪዲዮ ከዚያ ወዲህ ሳየው ኖሬአለሁ፤ አሮጊቷ ሳህኑን ሲቀበሉ ከወንበራቸው ከፍ ይበሉ አይበሉ መድረክ መሪው ስለጋረዳቸው አይታይም፤ ከዚያ ካሜራው ሙሽሮቹን ተከትሎ ይሄዳል።

አሮጊቷ ወደ ገረሴ ተመለሱ። እስከ ዛሬ ከሙሽራው ቤት የተሰማ ነገር የለም፤ የልጅ ልጄም በዚያ ቤት በደኅና ትኖራለች፤ ከባሏ ዘመዶች ጋር በአንድ ማዕድ ትበላለች። አሮጊቷ ዝም ያሉት ነገሩን እንደ ቁም ነገር ሳይቆጥሩት ቀርተው ነው ወይስ ለልጅቷ አዝነው? ገረሴ ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ፤ መንገዱም ክፉ አይደለም። ተማሪዬ ቢሆን «ምንጭህ በሕይወት እያለ ለምን አልሄድህም?» ብዬ ወረቀቱን እመልስለት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንግዳው ሲበተን ልጄ የተረፈውን ኬክ በጓዳ ስታነሣ፣ አንዲት አሮጊት ገብተው ከላይኛው ድርብ፣ ክብ ጫፍ ካለበት በኩል፣ «ለቤት የምወስደው» ብለው አስጠቅልለው እንደሄዱ ትናገራለች። ማን እንደነበሩ ስጠይቃት ነጠላ የለበሱ፣ አጭር አማርኛ የሚናገሩ ሴት ናቸው አለችኝ። በዚያ ቀን ከደጋ የወረዱት ሴቶች ሁሉ ነጠላ ለብሰው ነበር። «የሙሽራው አያት ናቸው?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋት። «ይመስለኛል» አለችኝ በመጀመሪያ፤ በሌላ ቀን ደግሞ «የሙሽራው አክስትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ እጄ እያመመኝ ፊታቸውን ልብ ብዬ አላየሁም» አለች። ስለዚህ ማን እንደወሰደው፣ ወደ ገረሴ ወጥቶ እንደሆነና እዚያም ከደረሰ ማን እንደበላው አላረጋገጥሁም።